በደቦ የተሠራ ድምፅ

ውባንተ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ያናድደኛል። በግቢያችን የውኃ ቧንቧ ሲፈስ የሚጠግነው እሱ ነው፤ የጎረቤት ሬዲዮ ሲዘጋ ከፍቶ የሚጎረጉረው እሱ ነው። ሰው ሲያመሰግነው ደግሞ እንደ ሰረቀ ሰው አንገቱን ይደፋል። «አንተ ሰው፣ ቀና ብለህ አሜን በል እንጂ!» ብዬ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና መጮህ አመሌ ነው። ስሜ ፈንታሁን ይባላል፤ እሱ ጋሼ ይለኛል።

የምንኖረው ደብረ ታቦር፣ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ቤታችን በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። ውባንተ የአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነው። ሚስቱ እቴነሽ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። ሁለቱም የእብናት ገጠር ልጆች ናቸው። እቴነሽ «ሀ በሉ!» ስትል ከአጥር ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ነጂ ጭምር «ሀ» ይላል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ከቤቷ ሆና የምታወራውን እኔ ከቤቴ ሆኜ እመልስላት ነበር፤ ግድግዳው ለስሙ ነው።

ከዚያ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣ። እንቅርት ነው ተብሎ ዝም ተባለ፤ በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም። እያደር ግን ምግብ መዋጥ አቃታትና ባሕር ዳር ተወሰደች። ሐኪሞቹ እውነቱን አልደበቁም። ክፉ በሽታ ነው፤ ካልወጣ ይገድልሻል፤ ከወጣ ደግሞ ድምፅሽን ይዞት ይሄዳል አሏት። «ይውጣ» አለች። ውባንተ እንደነገረኝ፣ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስትገባ በገዛ ድምፅዋ የተናገረችው የመጨረሻ ነገር «እማ እንዳትሰማ» የሚል ነው።

ከሞት ተረፈች። ድምፅዋ ግን ከዚያ ወዲያ የለም። ሹክሹክታ እንኳ አልቀረላትም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር ግን አይወጣም። እኔ ግድግዳውን እያየሁ ስንት ቀን ቁጭ እንዳልኩ አላውቅም። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ድንገት ጸጥ ሲል ቤቱ የተለቀቀ ነው የሚመስለው።

የእናቷ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆነ። ወይዘሮ የሺ የሚኖሩት ከእብናት ከተማ ወዲያ፣ ብዙ በእግር በሚያስኬድ አገር ነው። ማንበብ አይችሉም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወዳለው ጉብታ ይወጣሉ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። ምስጋና የሚባል ጎልማሳ ጎረቤታቸው ስልኩን ይዞላቸው ይወጣል። አንድ ጊዜ ስልኩ ተሳስቶ፣ የማያውቋትን የሐሙሲት ሴት ልጄ ብለው ብዙ ከመረቁና ላማቸው የመውለዷን ዜና ሁሉ ከነገሩ በኋላ «እማማ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም» ተባሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን እንዳነሡ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የማን ልጅ ነሽ?» ሆነ። እቴነሽ «የዚያች የነገረኛዋ!» ብላ ትመልሳለች። «እሰይ፣ ራሷ ናት!» ይላሉ እናትየው። ስልኩን ጮክ አድርጋ ስለምታስቀምጠው እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ አብሬያቸው እስቅ ነበር።

ከሕክምናው በኋላ ስልኩን የሚያነሣው ውባንተ ሆነ።

«እቴነሽስ?» ይላሉ።

«ደህና ናት። ትንሽ ጉሮሮዋን አሟት ነው፤ መናገር አልቻለችም።»

በእኛ ዘንድ ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ ማን ይስተዋል! ሰው ሲሞት ለሩቅ ዘመዱ ሞተ አይባልም፤ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ቀጥሎ «ጠንቶበታል» ይባላል። ቄስና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩቶ መርዶ እስኪነግር ድረስ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። የገዛ ወንድሜ የሞተ ጊዜ እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል። ሰው ሁሉ በአዘኔታ ሲያየኝ የታመምኩ እኔ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ወይዘሮ የሺ የዋህ ሆነው አልተሳሳቱም፤ ልማዱን ስለሚያውቁ ነው። በዚያ ላይ በዚያ ሰሞን አገሩ ታውኮ መንገዱ ተዘግቷል፤ ወደ እብናት የሚሄድ መኪና የለም። ኢንተርኔት ከጠፋ ስለቆየ ፎቶ መላክም አይቻልም። እቴነሽ በስልክ መልእክት ጻፈችና ምስጋና አነበበላቸው። «ጽሑፍማ ማንም ይጽፈዋል» አሉ። አንድ እሑድ ውባንተ ስልኩን አስጠጋላትና በጣቷ ታንኳኳው ጀመረች።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉ ወይዘሮ የሺ።

«እቴነሽ ናት እኮ! እያዳመጠችዎ ነው።»

«ውባንተ ልጄ፣ አሮጊት ነኝ እንጂ ሕፃን አይደለሁም። መርዶ የሚነግረኝ ሰው መንገድ ተዘግቶበት ነው፣ አይደል?»

እቴነሽ ይህን ሰምታ እየሮጠች ስትወጣ በሩ ላይ አገኘኋት። አፏን በሁለት እጇ ይዛዋለች። አንድ ሰው በቁሙ፣ በገዛ ጆሮው፣ እናቱ ለመርዶው ስትዘጋጅ ሲሰማ ምን እንደሚባል አላውቅም። «አይዞሽ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውባንተ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እናቷ ለቅሶ ሳይቀመጡ እቴነሽ አፍ አውጥታ እንድትናገር።

«ኮምፒውተር አማርኛ ያነባል፣ ጋሼ» አለኝ። «እሷ ትጽፋለች፤ እሱ ጮክ ብሎ ይናገርላታል። ስልኩን አጠገቡ እናስቀምጣለን።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«አልተፈጨም።»

ተቀምጦ አስረዳኝ። ሰው የጻፈው ፕሮግራም ጥሬ እህል ነው፤ ማሽኑ እንዲያው አይበላውም። ኮምፓይለር የሚባል አለ፤ እሱ ወፍጮው ነው፤ የተጻፈውን ፈጭቶ ማሽኑ ወደሚገባው ነገር ይለውጠዋል። ሌላው ሰው የተፈጨውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። በስልክም የሚያነብ አለ፤ እሱም የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው። በውባንተ እጅ የነበረው ባሕር ዳር ተማሪ ሳለ የሰበሰበው ጥሬ እህል ብቻ ነው። ሊኑክስ የሚባለው፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ከነሙሉ ጓዙ፣ ከነአንባቢው ፕሮግራም፣ በአንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ቤቱ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ኮሌጁ በቃኝ ብሎ ካወጣቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። በላዩ የነበረው ሥርዓት አንባቢውን አልቀበልም ስላለ፣ ሁሉንም ከመሠረቱ ለዚያ ማሽን መፍጨት ግድ ሆነበት።

ወፍጮ ደግሞ ይስተካከላል፤ ለጤፍና ለባቄላ አንድ አይደለም። ኮምፓይለሩም ሥራ ሳይጀምር አንዲት አጭር የማስተካከያ ፋይል ያነባል። ምን ያህል አድቅቆ እንዲፈጭ፣ ስንት ሥራ ባንዴ እንዲይዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚፈጨው ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። ፕሮሰሰር የማሽኑ አንጎል ነው፤ አዲሱ አንጎል አሮጌው ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ትእዛዞች ያውቃል። ውባንተ በዚያች መስመር ላይ «ማሽኑ ራሱን አይቶ ለራሱ የሚስማማውን ይምረጥ» የሚል ቃል አስገባ። አንድ ማሽን ለራሱ ሲፈጭ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ጀመረ። መብራት ሲመጣ ይፈጫል፣ ሲሄድ ይቆማል። የደብረ ታቦር መብራት አመሉን ለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያሻም። ሳምንቱ አለቀ፤ ሥራው ገና ከጅማሬው ፈቅ አላለም። ወይዘሮ የሺ በየእሑዱ ጉብታው ላይ ወጥተው የሚጠይቁት ጥያቄ እያጠረ ሄደ። እቴነሽም እህል መቅመስ ተወች።

ውባንተ ደቦ ጠራ። የሰው ደቦ አይደለም፤ የኮምፒውተር ደቦ ነው። የኮሌጁን ኃላፊ አስፈቀደ፤ ኮሌጁ ጄኔሬተር አለው። ኮምፒውተር ተሸክሞ በኬላ ማለፍ በዚያ ሰሞን ብዙ ጥያቄ ስለሚያስነሣ የቤቱን ማሽን ዲስክ ብቻ ነቅሎ በኪሱ ይዞ ሄደ። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የክፍሉን ኮምፒውተሮች ሁሉ በሽቦ አያያዘና ሥራውን አከፋፈላቸው። አንዱ ይህን ይፈጫል፣ ሌላው ያንን፤ የተፈጨው ሁሉ ተመልሶ ዲስኩ ላይ ይከተታል።

ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ኮምፒውተሮቹ በረድፍ ተቀምጠው ያጉረመርማሉ። ግማሾቹ አሮጌ፣ ግማሾቹ አዲስ ናቸው።

«እንዴት እንደሚሠሩ ለየአንዳንዳቸው አትነግራቸውም?» አልኩት።

ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቁ ነበር። «ጋሼ ደግሞ! ደቦ የመጣን ሰው ማጭድህን እንዲህ ያዝ ይሉታል እንዴ? አባቴ ቢሰማ ያፍርብኛል። ጠላውን አቅርቦ ዝም ነው።»

እኔም ሳቅሁ። እውነት ነዋ። በገጠራችን ደቦ የመጣን ጎረቤት እንዴት እንደሚያጭድ ማዘዝ ስድብ ነው፤ ሰውየው ማጭዱን ጥሎ ቢሄድ አይፈረድበትም። ያቺ የማስተካከያ ፋይልም ከነቃሏ፣ ማንም ሳይነካት፣ ዲስኩ ላይ አብራ መጥታ ነበር።

ሥራው በሳምንቱ መጨረሻ አለቀ። ውባንተ እዚያው ክፍል ውስጥ ካሉት በአንዱ ላይ «የዚያች የነገረኛዋ» ብሎ ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ተናገረ! ድምፁ በርሜል ውስጥ የገባ ዲያቆን ይመስላል፤ ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነው። አጨበጨብኩ። ሽማግሌ ሰው ብቻዬን ቆሜ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ውባንተ ያን ዕለት ቀና ብሎ «አሜን» አለ።

ባለፈው እሑድ ለወይዘሮ የሺ ቃል ገብቶላቸው ነበር። «በሚመጣው እሑድ እቴነሽ ራሷ ታናግርዎታለች» ብሏቸው፣ «ማርያምን በል!» አሉት፤ «ማርያምን!» አለ።

እሑድ ጠዋት መብራት አልነበረም። ዲስኩ ተመልሶ ቤቱ ማሽን ውስጥ ገብቷል፤ እቴነሽ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ለስልክ ማን ያየኛል ሳትል ጠጉሯን ተሠርታ፣ ከፊቱ ተቀምጣለች። እኔም ተጠርቼ አጠገባቸው አለሁ። መብራቱ የመጣው ስልኩ ሊጠራ ሲል ነው። ማሽኑ ተነሣ፤ ፊደሎቹ መጡ፤ ሁሉም ደህና ይመስላል። ስልኩ ጮኸ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ ወይዘሮ የሺ። ጉብታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ይሰማል።

እቴነሽ መልሱን አስቀድማ ጽፋው ነበር። ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቅ አለና ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። ደግማ ተጫነች። ያው መስመር መጣ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉ እንደገና።

ውባንተ ገመዱን ይነካካል፤ ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሣል። እቴነሽ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ መልሱን ትነግራቸዋለች፣ ግን ማን ይስማት?

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ ድምፃቸው በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። «በቃ» አሉ በመጨረሻ። «እግዜር ይስጥህ ውባንተ። ከዚህ በላይ አትድከም፤ ገብቶኛል።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሰን ብንደውል አይነሣም። ኮሌጁ እሑድ ዝግ ነው፤ ሮጦ ሄዶ እዚያ ካለው ማሽን ማናገር እንኳ አልተቻለም።

«ምን ይላል ይሄ የተጻፈው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ሕገ ወጥ ትእዛዝ ይላል፣ ጋሼ።»

«ቀስ በል፤ ሰው ይሰማሃል» አልኩት። በዚያ ሰሞን ሕገ ወጥ የሚለው ቃል በር እያስዘጋ የሚወራ ነበርና። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም።

ማምሻውን ነገሩ ገባው። ያቺ «ራሱን አይቶ ለራሱ ይምረጥ» የምትል ቃል፣ ቤት ውስጥ ትክክል የነበረችው፣ ደቦው መሐል ገብታ ሁሉን አበላሽታው ነበር። የደቦው ኮምፒውተሮች በየራሳቸው አንጎል ልክ ፈጩ። አሮጌዎቹ የፈጩትን የእቴነሽ ማሽን በልቶታል፤ አዲሶቹ የፈጩት ውስጥ ግን እሱ የማያውቀው ትእዛዝ ነበረበት፤ የአንባቢው ልብ የደረሰው ለአዲሶቹ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ሲሞከር የተናገረውም አዲስ ማሽን ላይ ስለተሞከረ ነው። ውባንተ እንደ አባቶቹ እንግዳን አላዝም ብሎ ዝም አለ፤ ማሽን ግን ጎረቤት አይደለም፤ ካልነገሩት ለራሱ ነው የሚሠራው።

«አንዲት ቃል ብቻ ነበረች» አለኝ። «የዚህን የደካማውን ስም እዚያ ብጽፍ ኖሮ ሁሉም ለእሱ ይሠሩ ነበር።» ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

የደካማውን ፕሮሰሰር ስም ጻፈ፤ የተፈጨውን ሁሉ ደፋና እንደ አዲስ ጀመረ። ኮሌጁ ግን ፈተና ላይ ደርሶ ክፍሉ ተያዘበት፤ ትርፍ ሰዓት በተገኘ ቁጥር እየለመነ ነበር የሚሠራው። በዚህ መሐል ምስጋና ደወለ። ወይዘሮ የሺ ከጉብታው እንደወረዱ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መርዶ ነጋሪ አልጠበቁም። የአጥቢያው ቄስ፣ ቄስ ዋልልኝ፣ «እማማ፣ ቤተ ክርስቲያን እርግጡን ሳታውቅ አይለቀስም» ብለው ቢመክሯቸው፣ «ዝም ያለች ልጅማ የሞተች ናት፤ የእኔ ልጅ ዝምታ መች ታውቃለች!» አሏቸው። አገሩ ተሰብስቦ ለእቴነሽ አለቀሰ። እቴነሽ ይህን ሁሉ ከስልኩ አጠገብ ሆና ሰማች። በዚያው ቀን ጫማዋን አድርጋ በእግሯ ልትሄድ ወጣች፤ ቁስሏ ገና አልጠገገም፣ መንገዱም የሚያስኬድ አልነበረም። ከግቢው በር ላይ ይዘን መለስናት። ያን ጊዜ ብንለቃት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ግን ማን ይለቃታል?

ማሽኑ በመጨረሻ ተናገረ። ቤቱ ውስጥ፣ አሮጌው ራሱ፣ ሳይደነቃቀፍ ተናገረ። ደወልን፤ ጉብታው ላይ የወጣው ግን ምስጋና ብቻውን ነበር።

«እማማ የሺ አልጋ ይዘዋል፤ እህል በአፌ አይዞርም ብለዋል» አለ።

እቴነሽ ጻፈች፤ ማሽኑም ተናገረላት። «ምስጋና፣ እኔ እቴነሽ ነኝ። ድምፄ ጠፍቶ በማሽን ነው የማናግርህ። ሂድና የዚያች የነገረኛዋ ልጅ አለች በላት።»

ምስጋና እያለቀሰ ቁልቁል ሮጠ። ስልኩን ይዞ ቤታቸው እንዳያስደምጣቸው ታች ኔትወርክ የለም። በማግስቱ ተመልሶ ወጥቶ ያሉትን ነገረን። ወይዘሮ የሺ ሰምተው ሲያበቁ «ምስጋና፣ አንተም ከእነሱ ጋር ሆንክ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሰው ሁሉ ሲደብቅ የኖረበት አገር እውነት የሚናገረውን ከየት ለይቶ ይመነው? ይህን ልማድ ያን ዕለት ከሥር ከመሠረቱ ረገምኩት።

ከዚያ መንገዱ ተከፈተ። ሚኒባስ ወደ እብናት ሊሄድ ነው ተባለ፤ እቴነሽ ከእግሯ እስከ ራሷ ደስታ ሆነች። በማግስቱ ማለዳ ሊሄዱ ተነጋግረው ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

ግን የተከፈተ መንገድ በሁለት በኩል ነው የሚያስኬድ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእብናት የመጣው የመጀመሪያው መኪና ቄስ ዋልልኝን ከአንድ ሽማግሌ ጋር ይዞ መጣ። ወደ እቴነሽ ቤት አልገቡም፤ ጎረቤት ጠይቀው ወደ እኔ ቤት መጡ። አመጣጣቸውን ሳይ አወቅሁ። ወይዘሮ የሺ ዐርፈው ተቀብረዋል። ውባንተ ከሥራ ሲመለስ ከመንገድ ጠርቼው እኔ ቤት ነገሩት። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አሁኑኑ ልንገራት፣ ጋሼ። እሷን ደግሞ አንደብቃት።»

ቄስ ዋልልኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሐዘን ሲመሽ አይነገርም። ሌሊቱን ብቻዋን ይገድላታል። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው።» ያን ሁሉ ጊዜ ልማዱን ስረግም የከረምኩት ሰውዬ፣ ምንም አላልኩም።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ያ የዲያቆን ድምፅ ጠራኝ። «ጋሼ ፈንታሁን፣ ይምጡ።» ሄድኩ። እቴነሽ አልጋው ላይ ለእናቷ የገዛችውን ነጠላና ጋቢ ዘርግታለች፤ አንድ ጣሳ በሶ አዘጋጅታለች። ማሽኑንም ልትወስደው ነው፤ እብናት ከተማ መብራት ካለ እናቷን እዚያ አምጥታ ልታናግራቸው አስባለች። ጻፈች።

«ጋሼ፣ የትኛውን የምትወደው ይመስልዎታል?»

«ጋቢውን» አልኳት። «ደጋ ነውና ይሞቃታል።»

ሳቀች፤ ያለ ድምፅ የምትስቀው ሳቅ አለ። ጋቢውን ከላይ አድርጋ አጠፈችው። ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ እንዳትሰማኝም አፌን ያዝኩ።

ጎሕ ሲቀድ ሰፈሩ ግቢያችን ሞላ። ቄስ ዋልልኝ አንኳኩ። እቴነሽ ለመንገድ ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ሹፌሩ የላከባት ሰው መስሏት ፈጥና ከፈተች። የአገሯን ቄስ፣ ከኋላቸው ደግሞ እኛን ሁላችንን አየች።

«እቴነሽ ልጄ» አሉ፣ «እናትሽ ወደማይቀረው ሄደዋል። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

መርዶ በጩኸት ነው የሚታወቀው። ባለሐዘኗ ትጮሃለች፤ ሴቶቹም የሷን ተቀብለው ያለቅሳሉ። እቴነሽ አፏን ከፈተች። አንገቷ ላይ ሥሩ ተገታተረ። ምንም አልወጣም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጩኸቷን ይጠብቃሉ፤ ጩኸት ግን የለም፤ ማን ይጀምረው? ግቢ ሙሉ ሰው ጭጭ ብሎ ቆመ። እንዲህ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም፤ እንዳላይም እለምናለሁ።

ከዚያ ዞራ ገባችና ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። መብራት ነበር። ጥቂት ፊደል ጻፈችና ቁልፉን ተጫነች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለ ማሽኑ።

እቴነሽ ወደ ማሽኑ ቀና ብላ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። መልሱን ከእኔና ከውባንተ በቀር እዚያ የቆመ ሰው አያውቀውም።

ደግማ ተጫነች። «የማን ልጅ ነሽ?» አለ። ደግማ መለሰችለት። ውባንተ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፤ ያዝኩት።

«ተዋት» አልኩት።

ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ከበሩ ላይ አንዲት ሴት ጮኸች፤ ከዚያ ሁሉም ማልቀስ ጀመሩ።